የጨረታ ድረ-ገጹ እየተንገዳገደ ነው፤ እንቆይ፣ እንውጣ ወይስ ግማሽ በግማሽ?

ባለፈው ወር አንዲት የሲንጀር የእጅ ስፌት መኪና ጨረታ ላይ አወጣሁ። ሽምብጥ ሰፈር፣ ሥራ ካቆሙ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት የገዛኋት ናት። እጀታዋ አካባቢ ጥቁሩ ቀለም ተልጦ ብረቱ ይታያል፤ ወርቃማው ጽሑፍ ግን ንክች አላለም። ጨረታው የሚዘጋው ማታ 3 ሰዓት ነበር። 2፡50 ላይ መብራት ሄደ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። በሞባይል ዳታ ልግባ ብል ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። ሲከፈት 3፡04 ሆኗል፤ መኪናዋም ተሸጣለች። በመነሻ ዋጋዋ፣ 2,000 ብር። እኔ የገዛኋት በ2,800 ነው።

ያን ማታ ጥፋቱን ሁሉ መብራት ላይ ደፈደፍኩት። በማግስቱ ቡናዬን ይዤ የድሮ ጨረታዎቼን ወደኋላ እየሄድኩ ሳይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ካለፉት አሥራ ሁለት ጨረታዎቼ ዘጠኙ ወይ አንድ ተጫራች ብቻ ነው ያላቸው ወይ ጭራሽ ማንም አልነካቸውም። መብራቱ ባይሄድም ሲንጀሯ በ2,000 ነበር የምትሄደው።

የድረ-ገጹን ስም አልጠራም። እዚህ ባሕር ዳር ሆናችሁ ያገለገለ ዕቃ፣ አሮጌ ሳንቲም፣ ሬዲዮና የእጅ ሥራ የምትሸጡ ሰዎች የቱን እንደምል ይገባችኋል። ከስድስት ወር ወዲህ ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ሆኗል። አንዱ «ይሻላቸዋል፣ እንታገስ» ይላል፤ ሌላው «እኔ ቴሌግራም ገብቻለሁ፣ እናንተም ኑ» ይላል፤ አንዱ ደግሞ «ለምን ተሰብስበን ራሳችን አንገዛውም?» ይላል። ሦስቱንም ሞክሬ ወይም አስልቼ አይቻለሁ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ሁለተኛው ሰው የት ሄደ?

ጨረታ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንድን ዕቃ፣ በአንድ ሰዓት ላይ የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች። ዋጋውን የሚወስነው ደግሞ ሁለተኛው ነው እንጂ አሸናፊው አይደለም።

እንዴት መሰላችሁ። አብዛኛው የኦንላይን ጨረታ የሚሠራው የአሜሪካው የኦንላይን ገበያ ኢቤይ ባስለመደው መንገድ ነው። ተጫራቹ እስከ ስንት እንደሚሄድ በሚስጥር ይሞላል፤ ሲስተሙ ሌላውን ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ እየጨመረ ይጫረትለታል። እንግዲህ አንዱ እስከ 6,000 ብር ሊከፍል ቆርጦ ቢገባና ሌላው 3,500 ላይ ቢያቆም፣ ዕቃው በ3,600 ገደማ ይሸጣል። ሌላው ሰው ከሌለ ግን ያው 6,000 ሊከፍል የነበረው ሰው በመነሻ ዋጋችሁ አንስቶ ይሄዳል። ስንት ሊከፍል እንደነበረም አታውቁም። ተጫራች የሌለበት ጨረታ ከቋሚ ዋጋ የባሰ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ዝቅተኛ ዋጋችሁን ለዓለም ሁሉ ጮክ ብላችሁ ነግራችሁ፣ ከዚያ በላይ የሚወስዳችሁ ሰው የለም።

ድረ-ገጹ በየሳምንቱ «ይህን ያህል ሺህ ጎብኚ አለን» እያለ ይለጥፋል። ጎብኚ አይጫረትም። እናንተ ይህን አድርጉ፦ እንደ እናንተ ዓይነት ዕቃ የተዘጉ ሃያ ጨረታዎችን ክፈቱ፤ የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም። ሁለትና ከዚያ በላይ የተለያዩ ተጫራቾች ያሏቸውን ቁጠሩ። አሥርና ከዚያ በላይ ከሆኑ ቆዩ፣ ይህን ጽሑፍም ተዉት። ከአምስት በታች ከሆኑ ጨረታ ላይ ሳትሆኑ ቅናሽ ላይ ናችሁ። መሐል ላይ ያላችሁ ወደ ታች አንብቡ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ተጫራች ሲጠፋ የራስን ሰው አስገብቶ ዋጋ ማስወጣት ያምራል። እኔም አንዴ የአክስቴን ልጅ አስገባሁት፤ ሬዲዮ ነበር። ልጁ ነገሩን ከልቡ ያዘውና አሸነፈ። የራሴን ሬዲዮ ለራሴ ሸጬ ለድረ-ገጹ ኮሚሽን ከፈልኩ። ማጭበርበርም ነው፣ ኪሳራም ነው። አትሞክሩት።

ጉንፋን ነው ወይስ የባሰ?

የሚንገዳገድ ድረ-ገጽ ሁሉ አይሞትም። ግን የምታውቁበት ነገር አለ። ያው ዕቃ ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ጊዜ ሲመለስ ታያላችሁ። ከገጹ ላይ የሻጮቹ ስም እየቀነሰ ያው አሥር ሰው ይቀራል። ለቅሬታ መልስ የሚሰጠው ሰው መጀመሪያ በቀኑ፣ ከዚያ በሳምንቱ፣ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ጉንፋን ሊሆን ይችላል።

ገንዘባችሁ ሲዘገይ ግን ጉንፋን አይደለም። የእኔ ክፍያ ድሮ በሦስት ቀን ይገባ ነበር። አሁን ሦስት ሳምንት የጠበቅኩበት ጊዜ አለ። ስጠይቅ «ሲስተም ነው» ተባልኩ። ሲስተም ሲበላሽ ሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚበላሸው፤ የእኔን ኮሚሽን የሚቆርጠው ሲስተም ግን አንድም ቀን አልዘገየም። ድረ-ገጹ የእናንተን ገንዘብ ይዞ በእሱ ኪራይና ደመወዝ እየከፈለ እንዳይሆን ጠርጥሩ። ክፍያ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ውድ ዕቃ እዚያ ማውጣት አቁሙ። ምንም ማብራሪያ ቢሰጧችሁ።

ሌላው ምልክት አዲስ ክፍያ ነው። ገቢ ሲቀንስ ባለቤቶቹ የቀሩትን ሻጮች ማለብ ያምራቸዋል። ይህ በትልልቆቹም ደርሷል። ያሁ አሜሪካ ውስጥ የጨረታ ድረ-ገጽ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ላይ ዕቃ ለማውጣት ማስከፈል ሲጀምር ሻጩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በ2005 ክፍያውን አነሳ። የሄደ ሰው ግን አልተመለሰም፤ በ2007 ተዘጋ። ጃፓን ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። እዚያ ያሁ በ1999 ቀድሞ ጀመረ፤ ኢቤይ በ2000 ገብቶ ሰው ሊያገኝ ስላልቻለ በ2002 ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። አንድ ያሁ አሜሪካ ላይ ተሸነፈ፣ ጃፓን ላይ አሸነፈ። ተጫራች ተጫራች ወዳለበት ነው የሚሄደው። ስለዚህ «ኮሚሽን ቀንሰናል፣ ተመለሱ» የሚል መልእክት ሲመጣላችሁ አትቸኩሉ። የቀነሰው ኮሚሽን ሁለተኛውን ተጫራች አያመጣላችሁም።

ቴሌግራም ላይ የራስን ጨረታ መክፈት

ከሁሉ በላይ የቆየሁበት ይህ ነው፣ ረዘም አድርጌ ላውራ።

ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው። ኮሚሽን የለም። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ስልካችሁ ይገባል። ደንበኛው የእናንተ ነው፤ ድረ-ገጹ ቢዘጋ አብሮ አይዘጋም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰዎቹ ባንድ ሰዓት መገኘታቸው ነው። «ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት» ካላችሁ፣ ኖቲፊኬሽን በየሰዉ ኪስ ውስጥ ይጮኻል። ድረ-ገጹ ላይ ሰባት ቀን ሙሉ የተበታተነው ሰው እዚህ ለሃያ ደቂቃ ይሰበሰባል። ሁለት መቶ አባል ያለው ቻናል ሺህ ጎብኚ ካለው ድረ-ገጽ የተሻለ ዋጋ ሲያወጣልኝ አይቻለሁ።

መጥፎ ጎኑ ደግሞ ሁሉም ነገር በእናንተ ትከሻ ላይ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ወር የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንዱ ኮመንት ላይ «2,000» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው 2,100 አለ፤ ከዚያ ወዲያ በአዲስ ኮመንት የጨመረ ሰው አልነበረም። ሲዘጋ ዞሬ ሳይ የመጀመሪያው ሰው 2,000ውን ኤዲት አድርጎ 2,200 አድርጎታል። ሌላው አበደ፣ ሁለቱም ተሳደቡ፣ እኔም ዕቃውን ለማንም ሳልሸጥ አደርኩ። ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣሁ። ኤዲት የሚል ምልክት ያለበት ኮመንት አይቆጠርም። በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ዋጋ ከመጣ አምስት ደቂቃ ይጨመራል። ይህ የመጨረሻ ሰከንድ ላይ እየጠበቀ የሚያነሳውን ሰው ሥራ ያስፈታዋል። ለአዲስ ሰው ደግሞ ከ3,000 ብር በላይ ላለ ዕቃ ትንሽ ቀብድ አስቀድሞ ማስገባት ግዴታ ነው፤ ካላሸነፈ በነጋታው ይመለስለታል። ቀብዱን የጠላ ሰው ብዙ ነበር። ቀልደኛውም አብሮት ሄደ።

ስክሪንሾት አትመኑ። የተላከ ብር እውነት መግባቱን የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ነው የምታዩት። የቴሌብር መልእክት የሚመስል ጽሑፍ መሥራት ለአንድ ጎረምሳ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ነገር ቢነሳ ማን ይዳኛል? ድረ-ገጹ ላይ ደካማም ቢሆን አቤት የምትሉበት ቦታ አለ። ቴሌግራም ላይ የለም። እኛ አራት ሻጮች ሆነን የፈታነው በእቁብ ደንብ ነው። አንድ የጋራ ቻናል፣ ከሻጮቹ ውጭ የሆኑ አንድ ዳኛ፣ አዲስ ሻጭ ሲገባ ዋስ። ዳኛችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስለ አሮጌ ዕቃ ምንም አያውቁም፣ ኮመንት ግን በጥሞና ያነባሉ። እሳቸው ከተናገሩ አለቀ።

ስለ ኔትወርክ፣ ለእኛ ለዚህ አካባቢ ሰዎች

አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል። እኛ አንችልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ድረ-ገጹ ላይ ብቻ የነበረ ሻጭ በአንድ ሌሊት ሱቁ ተዘጋ። ቴሌግራም ላይ ብቻ የነበረም እንደዚያው። የተረፈው ደብተር ያለው ነው። እኔ የማውቃት አንዲት ነጋዴ የገዢዎቿን ስም፣ ስልክና የሚወዱትን ዕቃ በባለ መስመር ደብተር ጽፋ ይዛ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ በስልክ ሸጠች። ክፍያው በ*127# ይገባላታል፤ ቴሌብር ያለ ዳታም ይሠራል። ስቀንባት «አንተ ደብተሬ ላይ ሳቅ» ነበር ያለችኝ። አሁን እኔም ደብተር አለኝ።

ስለዚህ የትኛውንም ምረጡ፣ ደንበኛው ፈቅዶ የሰጣችሁን ስልክ ቁጥር በወረቀት ያዙ።

ቋሚ ዋጋ

ጂጂ የሚባለው የሽያጭ ድረ-ገጽ ላይ ወይም ፌስቡክ ግሩፕ ላይ ዋጋ ጽፎ መለጠፍ። ቀላል ነው። ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ፍሪጅ፣ ሶፋ ካላችሁ ጥያቄ የለውም፣ እዚያ ሂዱ። የእነዚህ ዋጋ ከተማው ውስጥ ይታወቃል፤ ጨረታ የሚጨምርላቸው ነገር የለም። ኢቤይ ራሱ በጨረታ ተወልዶ ዛሬ አብዛኛው ሽያጩ በቋሚ ዋጋ ነው። ችግሩ አንድ ነው። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሃያ ሰው ይጠይቃል፣ አንድ ሰው ይመጣል፣ እሱም በር ላይ ሆኖ እንደገና ይከራከራል። መጀመሪያውኑ ለክርክር የሚሆን ትንሽ ጨምራችሁ ጻፉ፤ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል፣ ገዢውም ያውቃል።

ቅዳሜ ገበያና ደላላ

ገንዘብ ዛሬ ከፈለጋችሁ። ዋጋው ይወርዳል፣ ግን ብሩ እጃችሁ ላይ ነው፣ ማጓጓዣ የለም፣ ሦስት ሳምንት የለም። ደላላ ከሁለቱም ወገን እንደሚቀበል አትርሱ። ከባድ ዕቃ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ጭኖ ከመላክ እዚሁ ረከስ አድርጎ መሸጥ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። የተሰበረ ግራማፎን ተመልሶ ሲመጣ አይታችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል።

«ተሰብስበን እንግዛው»

ይህን ሐሳብ የሚያነሳው ወንድማችን ቅን ሰው ነው። ጣና ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ ጥብስ እየበላን ሲያወራው እኔም ልቤ ተነስቶ ነበር። ቤት ገብቼ ሳሰላው ግን ቀዘቀዘ።

የምትገዙት ምንድን ነው? ሶፍትዌሩ ውድ አይደለም፤ ባለሙያ ልጅ ተመሳሳዩን ይሠራዋል። ስሙ? ስሙ ክፍያ የሚያዘገይ በሚል ነው አሁን የሚታወቀው። ተጫራቹ? እሱ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፣ ሄዷል። የሚቀረው ዕዳው ነው፤ ያልተከፈላቸው ሻጮች ገንዘብ። ገዝታችሁ በገባችሁበት ቀን በራችሁ ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። እነሱ ማለት ደግሞ እኛው ነን። በዚያ ላይ ንግድ ፈቃድ አለ፣ ግብር አለ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ «ዕቃው ተሰብሮ መጣ» ብሎ ለሚደውል ሰው ስልክ የሚያነሳው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም ዓሣውን ማየት ጀመረ።

እኔ አልገባበትም። ከመካከላችሁ እንደዚያ የሚያነሳ አንድ ሰው ካለ ግን፣ እሱን ይዛችሁ ከባዶ ጀምሩ እንጂ የታመመውን አትግዙ።

የምትሸጡት ምንድን ነው?

ምርጫው ከዚህ ይጀምራል። የዘጌ ቡና፣ አገልግል፣ ሰፌድ፣ ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ፤ እነዚህ ነገም ይኖራሉ። ነገ የሚገኝ ነገር ላይ ሰው አይሻማም። ቋሚ ዋጋና ቋሚ ደንበኛ ነው የሚያስፈልጋቸው። ቡና በጨረታ ያወጣ ጓደኛ አለኝ፤ ሦስት ኪሎ ነበር፣ ኮሚሽኑ ትርፉን በላው።

አንድ ብቻ የሆነ፣ ዋጋውን እናንተም በእርግጠኝነት የማታውቁት ዕቃ ግን ጨረታ ይወዳል። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ሽያጮች አንዱ የተበላሸ ሌዘር ፖይንተር ነበር፤ 14.83 ዶላር ወጣ። መበላሸቱን የሚያውቅ ሰው ነው የገዛው።

ሳንቲም እዚህ ውስጥ ነው። የ1936 ዓ.ም. ባለ 25 ሳንቲም አስቡ። መጀመሪያ የወጣው ክብ ነበር። ከብር የተሠራውን 50 ሳንቲም ስለሚመስል ሰዉ ብር እየቀባ እንደ 50 ያሳልፈው ጀመር፤ ከዚያ ዳር ዳሩ እንደ አበባ ተከርክሞ ወጣ። አበባው በየቤቱ አለ። ክቡ ብርቅ ነው። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ያሉበት ቦታ ካወጣችሁት ይሻሙበታል፤ የማያውቁ ሺህ ሰዎች ያሉበት ካወጣችሁት በአበባው ዋጋ ይሄዳል። ፎቶ ስታነሱ ጠርዙን በጎን አንሱ። የማርያ ቴሬዛ ብር ላይ ደግሞ «የ1780 ነው» ብላችሁ አትፎክሩ። ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ 1780 ይላል፣ የሚያውቅ ሰው ይስቅባችኋል።

በዚሁ አጋጣሚ፦ የብራና መጽሐፍ፣ የጥንት መስቀል፣ ከጣና ደሴቶች ወጣ የሚባል ነገር ሲመጣላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ ከእሱ በላይ ደግሞ ሕሊና አለ። ዕቃው ያረጀና የሚያጠራጥር ከሆነ ከመለጠፋችሁ በፊት ባህልና ቱሪዝም ጠይቁ።

የምትወጡ ከሆነ

በአንድ ቀን አትውጡ። እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያለኝን ሒሳብ እስከ መጨረሻዋ ብር አወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህም በገባ ቁጥር አወጣለሁ። ደንበኞች የጻፉልኝን አስተያየትና የሰጡኝን ኮከብ በሙሉ ስክሪንሾት አነሳሁ፤ ድረ-ገጹ ሲዘጋ አምስት ዓመት ያጠራቀምኩት ስም አብሮ ይጠፋል፣ ስክሪንሾቱ ቢያንስ ለአዲስ ገዢ ይታያል። የዕቃዎቼን ፎቶና መግለጫ አወረድኩ። አሁን እዚያ የማወጣው ከ1,000 ብር በታች የሆነ ዕቃ ብቻ ነው፤ ቢጠፋም አልሞትም፣ አዲስ ሰው ግን አሁንም አልፎ አልፎ በእሱ በኩል ያገኘኛል። መነሻ ዋጋዬም ተለውጧል። ከዚያ በታች ብሸጠው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝን ዋጋ ነው የምጽፈው። 100 ብር ብሎ ጀምሮ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ተጫራች በሞላበት ዘመን ቀረ።

ወደ ሲንጀሯ ልመለስ። ገዢው ወጣት ልብስ ሰፊ ነው፤ በባጃጅ መጥቶ ወሰዳት። እያሰረ ሳለ «ጋሼ፣ ቆጣሪው ሲዘጋ ልቤ ቆሞ ነበር» አለኝ። ስንት ሞልተህ ነበር አልኩት። ሳቅ አለና «5,500» አለኝ። ምን እላለሁ። ስልክ ቁጥሩን ተቀበልኩትና ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ሁለተኛ ሲንጀር ከፋሲሎ ሰፈር አግኝቻለሁ፣ ይቺኛዋ ከነሳጥኗ ናት። ለእሱ ደወልኩለት። የስፌት መኪና ለሚሰበስቡ አንዲት እትዬም ደወልኩላቸው። ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ሁለቱም ቻናሉ ላይ ይኖራሉ። ፓወር ባንኬን ከአሁኑ ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ።